አባቱን ፍለጋ የሄደው ጎረቤት

እንዴት አደሩ እትዬ የሺዓለም! ጉልበትዎ ተሻለዎት? ተመስገን ነው። ይምጡ፣ እዚህ እፊቴ ይግቡ፤ ድንጋይዎን እኔ ነኝ ተራ ያስያዝኩልዎ። ዛሬ ስኳር ገብቷል አሉ፤ ሳሙናውን እንጃ። እኔ ግን የቀበሌ ሱቅን እወደዋለሁ። ይኼ ሰልፍ ባይኖር ከጎረቤት ጋር የት ተገናኝተን እንጫወት ነበር? ስብሰባ ላይ እንደሁ እጅ እያወጡ ነው የሚያወሩት።

ውይ፣ ዘንቢሉ ነካዎት? ከኋላችን ያለው ጓድ ነው፤ ሳያስበው ነው። ምንም አይደል ጓድ፣ ጠጋ ይበሉ። እኛ እንኳ የምናወራው ስለማያውቁት ሰው ነው።

ምን ልልዎ ነበር... አዎ! አንድ ሰው አለ። ስሙን ተዉት፤ እዚሁ አፍንጮ በር ነው ቤቱ። እንዴት ያለ አባቱን ወዳድ መሰለዎት! ሌላው ሰው ቸኩሎ አባቱ በሕይወት እያሉ ይወዳቸዋል። እሱ ግን እርጋታ አለው፤ ከሞቱ በኋላ ነው የጀመረው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይገኛል?

በጃንሆይ ጊዜ የዘሩን ሐረግ ሲቆጥር ሰምተውት ቢሆን! አንዱ አያት ደጃዝማች፣ ሌላው ፊታውራሪ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ራስ። በዚያ ሁሉ ትውልድ ውስጥ አንድ ገበሬ አልነበረም። እኔማ ሞኟ፣ «እነዚህ ሁሉ መኳንንት ሲበሉ ማን ያርስላቸው ነበር?» እያልኩ እጨነቅላቸው ነበር።

ጊዜው የገበሬ ሆነ አይደል? ፓርቲ ለመግባት የሕይወት ታሪክህን ጻፍ፣ የመደብ ጀርባህን ግለጽ ተባለ። ጻፈ። «የድሃ ጭሰኛ ልጅ ነኝ» አለ። እውነቱን እኮ ነው! ስንት ዘመን ጠብቀን አንድ ቀን እውነት ቢናገር፣ እልል ይባልለታል ስንል «ማስረጃ አምጣ» አሉት። አያሳዝንም? ድሮ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል ነበር። ዛሬ በቅሎም ነቅታለች፤ አባቴ አህያ ነው ብላ ማመልከቻ ይዛ ትዞራለች። አህያን መስደቤ አይደለም፤ ጤፋችንን ተሸክሞ የሚያመጣልን እሱ አይደል?

ወላጆቹን እኔ አውቃቸዋለሁ። ባልና ሚስቱ አዳ ነው ያረሱት፣ የሰው መሬት ላይ። መስቀል በመጣ ቁጥር ማኛ ጤፋቸውንና ቅቤያቸውን ይዘውለት ይመጡ ነበር። አንድ ዓመት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ደረሱ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ቢሉት ምን አለ መሰለዎት? «ጭሰኞቼ ናቸው።»

አባትየው ሰሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱና «አዎን፣ የጌታዬ ጭሰኞች ነን» አሉ። ልጃቸው በሰው ፊት እንዳያፍር! ጤፉንማ ተቀበላቸው፤ ጤፍ አባቱ ማነው አይባል። እነሱ ግን እኔ ዘንድ አደሩ። እራት ባቀርብ አልቆረሱም። «አይናዲስ፣ ልጃችን ሥራ በዝቶበት ነው፤ አትቀየሚው» ብለው ጭራሽ እኔን አጽናኑኝ። እየሳቅኩ የማወራዎት ሌላ መላ ስላጣሁ ነው እንጂ፣ ያን ማታ አልቅሻለሁ።

እና እኔ የምለው፣ ማስረጃ ካጣ እነዚያን እንግዶች ለምን አይጠራቸውም? ጭሰኛ መሆናቸውን ከገዛ አፉ የሰሙ ምስክሮች ናቸው እኮ!

እሱ ግን የተማረ ነው፤ መዝገብ ይሻለኛል አለ። መጀመሪያ ወደ ሥላሴ በኩል ካሉት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ሄደ። የባለርስቱን የጭሰኞች መዝገብ አይጥ በልቶታል አሉት። አይጥ እንኳ የመደብ አቋም የላትም እንግዲህ። ከዚያ አዳ ወረደ፣ አባትና እናቱ ወደ ቆረቡበት ቤተ ክርስቲያን። ስብሰባ ላይ ስለ ሃይማኖት የሚናገረውን ያውቁ የለ? ያ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ መስቀል ተሳልሞ ገባ አሉኝ። ትሕትና ማለት ይኼ ነው።

ቄሱም በቁርባን የተጋቡት የተጻፉበትን መዝገብ አወጡለት። ቢያገላብጥ፣ ቢያገላብጥ የአባቱ ስም የለም። የእናቱም የለም። «ወላጆቼን ማን ሰረዛቸው!» ብሎ ተቆጣ። ይታይዎት፣ እሱ ይቆጣል! ቄሱ ለደብሩ አዲስ ናቸው፣ ሰዎቹን አያውቋቸውም። «ልጄ፣ እዚህ የሚጻፈው የዓለም ስም አይደለም። የክርስትና ስማቸውን ንገረኝና ላግኝልህ» አሉት።

መዝገቡን እንደገና ከፊቱ ጀምሮ ይገልጥ ጀመር...

«አባትህ ሞተዋል አላልከኝም? ፍትሐት ሲደረግ ስማቸው ሲጠራ አልሰማህም?»

ጫማውን ሊያጠልቅ ወጣ...

ምን ይበል? ቀብሩ ላይ አልነበረማ! የቆፈረው ያውቃል፣ ሳጥኑን የተሸከመው ያውቃል፣ ለእድሩ የቆመው ሁሉ ያውቃል። መንደር ወርዶ አንዱን እንዳይጠይቅ ሐፍረት ያዘው አሉ። ሐፍረት ያዘው ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ለካ ኖሮት ነው! አባቱን ሳያውቅ አያቱን ናፈቀ ሲባል ነበር የማውቀው። ይኼ ግን አያቶቹን እስኪጠግብ ቆጥሮ፣ አባቱ አሁን ናፈቀው።

ጉዱን ይስሙ ደግሞ። እናትየው ወሬው ደረሳቸው። «ልጄ አባቱን እየፈለገ ነው!» ብለው እልል አሉ። ለምን እንደፈለጋቸው ማን ይንገራቸው? እኔም አልነገርኳቸው። ስሙን ራሴ እነግረዋለሁ ብለው በሽንኩርት መኪና ተጭነው አትክልት ተራ ወረዱ፤ ከዚያ ዳገቱን በእግራቸው። ከበሩ ደረሱና አንኳኩ። ሠራተኛዋ ገባች፣ ወጣች። «ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለቻቸው። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ስብሰባው እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

አዩልኝ እትዬ የሺዓለም? አገር ለአገር ዞሮ የፈለገው ነገር በእግሩ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ፣ «የለሁም» አለው!

ይኸው እኔ ዘንድ ናቸው። «ልጄ ከስቷል አሉ» እያሉ ይጨነቃሉ። ማን እንዳላቸው እንጃ፤ እኔ ሳየው ወገቡ ደህና ነው። ነገ ጠዋት በዚያው መኪና ይመለሳሉ። ጉልበታቸው ከእርስዎም የባሰ ነው፤ ሁለተኛ ይህን ዳገት የሚወጡት አይመስለኝም። ስሙን የሚፈልግ ሰው ቢኖር ዛሬ ማታ ብቅ ማለት ነው። ለምን ቀረህ አይሉትም፤ እህል ቀምሰሃል ወይ ነው የሚሉት። ቤቴን ደግሞ ያውቀዋል፤ ያኔ «ጭሰኞቼን አሳድሪልኝ» ብሎ የላካቸው ወደ እኔው ነበር።

እኔስ? እኔማ ቀብሩ ላይ ቆሜ ስሙን በጆሮዬ ሰምቻለሁ... ምን ያደርጋል፣ ዘነጋሁት! ስኳር ካልቀመስኩ አእምሮዬ አይሠራም።

ኧረ ተራችን ደረሰ፣ ይጠጉ! ጓድ... ጓድ፣ ስኳሩን ሳይወስዱ? ምን ነካው? በደህናው ጊዜ ተራውን ትቶ ሄደ። ወደ እኔ ቤት ሽቅብ ነው፤ እሱ ግን ይኸው ቁልቁል ወደ ቀበሌ ወረደ። ስብሰባ ይኖርበታላ።

አይ፣ እኔ ስለሱ መቼ አወራሁ? እያመሰገንኩ እኮ ነበር! የዚያ የነገርኩዎ ሰው ሚስት ደግሞ ወንድ ልጅ ተገላግላለች አሉ። ሳንመርቅ ስኳር አንቀበልም፤ እጅዎን ይዘርጉ። ልጁን ያሳድግለት። አባቱን ቁርጥ አድርጎ ይምሰልለት። ተምሮ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በትልቅ ቤት ያሳየው። ለሰውየውም ዕድሜ ከጤና ይስጠው፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣው። እሱ አባቱን እንደ ጦራቸው ልጁ ይጡረው፤ እሱ አባቱን እንደ ቀበራቸው ልጁ ይቅበረው። አሜን።