ሚኒስትሩን «አንተ» አለው?

እዚህ በስደት አገር፣ ከሲዋርድ ሰፈር በተሳፈርኩበት ባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ያወራሉ። ሽማግሌው ስልካቸው ላይ የእንግሊዞችን የእሁድ ፖለቲካ ኢንተርቪው ከፍተዋል።

«ስንት ዓመት የኖረ ፕሮግራም መሰለሽ! ስሙ ተቀየረ፣ ጠያቂዎቹ ተቀያየሩ፣ ድፍረቱ ግን ያው ነው። ስሚው፣ ሚኒስትሩን ‹አልመለስክልኝም› ይለዋል!»

«በስመአብ! ሚኒስትሩን ‹አንተ› አለው?»

«በእንግሊዝኛ እኮ አንተም እርስዎም አንድ ነው፣ ልጄ።»

«ጉድ ነው! አይቆጣም?»

«ምን ይቆጣል፣ ያልበዋል እንጂ! እኔም አገር ቤት ቴሌቪዥን ላይ ጠያቂ ነበርኩ።»

«እርስዎም እንደዚህ ያፋጥጡ ነበር፣ ጋሼ?»

«ኧረ ወዲያ! ጥያቄውን ጽፈው የሚሰጡኝ ራሳቸው ሚኒስትሮቹ ነበሩ።»

«ከራስዎ አንድም ጠይቀው አያውቁም?»

«አንዴ አንዱን ሚኒስትር ጠይቄያለሁ። ‹ሻይ ይጨመርልዎ?› ብዬ።»

የምወርድበት ፌርማታ ሲደርስ፣ ወሬያቸውን ልስማ ብዬ የመውረጃውን ደወል ገመድ ሳልስብ አለፍኩት።