ለሹም የሚገባ ቃል

ፈረንጅ አገር ብዙ ዘመን ኖሬ ሰቆጣ በተመለስኩ ሰሞን፣ የወንድሜ ልጅ ጥሩዬ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ እንዳርምላት አመጣችልኝ። እዚሁ አጠገባችን ያሉትን የዝቋላ ወረዳ ገበሬዎች ከሚረዳ አንድ ድርጅት በአስተርጓሚነት ለመቀጠር ነው፤ ካልሆነላት እንደ እኩዮቿ ዓረብ አገር ልትሄድ ወስናለች። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ “ቢሲች” ትላለች፤ እማጸናለሁ ማለቷ ነው። ዝቅ ብላ “ሃርከን” ትላለች፤ ጆሮዎን ይስጡኝ ለማለት። እዚያ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እነዚህን ቃላት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

“ይህን የሙታን ቋንቋ ማን አስተማረሽ?” አልኳት።

“መዝገበ ቃላቱ ነዋ፣ አክስቴ! ‘የጥንት ቃል’ የሚል ምልክት ያለበትን እየመረጥኩ ነው የጻፍኩት። ለሹም በገበያ ቋንቋ ይጻፋል እንዴ?”

“ሃርከን”ን ሰረዝኩት። ስሰርዝ አየችኝና፣ “እዚያ አገር ለእርስዎ ክብር የሚሉት ቃል የትኛው ነው?” አለችኝ።

“የለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም በስሜ ነው የሚጠራኝ።”

“ውይ አክስቴ! ይህን ሁሉ ዘመን?” ብላ ጉልበቴን ያዘችኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያዝንልኝ አባርረው ነበር።

“ቢሲች”ን ተውኩላት።

“የሚያነበው ሰው ቢስቅብኝስ?” አለች አሁን ደግሞ ፈርታ።

“ይሳቅ! የጻፈችውን ልጅ ለማየት ሲል ይጠራሻል።”

በሳምንቱ ጠሯት። ስቀው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳትም።