የዶክተሩ አማና

ዓረብ አገር፣ ሩሰይል በሚባል ቦታ የምንሠራበት የእብነ በረድ ፋብሪካ መኝታችንን ከመፍጫው ማሽን በላይ አድርጎልናል። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የግድግዳው ስንጥቅ ጣት ያስገባል። "ሳይደረመስብን ሌላ ቤት ስጡን" ብለን ብንለምን ብንለምን፣ አለቃችን ሙዲሩ በመጨረሻ ስለ ንዝረት የሚመራመር ዶክተር አመጣ። ዶክተሩ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ ወለሉ ላይ ለጠፈና፣ "በጣም ስስ ዕቃ ናት፤ እስከ ማታ አደራ" ብሎን ወጣ። ማሽኑ ሲነሳ መሣሪያዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች። አብሮኝ የሚያድረው ሰይድ አላስቻለውም። "ወላሂ፣ የሰው አማና እጃችን ላይ ሊሰበር ነው!" ብሎ ነቀላት፤ በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ የጥበቃው ቤት ወስዶ አስተኛት። እኔም ሳይንስ ስለማከብር ትራሴን ጨመርኩላት። ማታ ዶክተሩ ሳይደርስ ቦታዋ መለስናት።

ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፊቱ በራ። "ይገርማል! ንዝረት የሚባል ነገር የለም፤ ሕንፃው አለት ነው" አለ። ሰይድ ደንግጦ፣ "ዶክተር፣ እኛ እኮ ዕቃዋን..." ብሎ ሲጀምር፣ ሙዲሩ "ኻላስ! ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! አንተ ከዶክተር ልታውቅ ነው?" ብሎ አፉን አስያዘው። በሳምንቱ ሙዲሩ፣ ወለሉ ይህን ያህል ከቻለማ ብሎ ሁለተኛ መፍጫ ገዛ። ገፍተን ከመኝታችን ሥር ያስገባነውም እኛው ነን። ሰይድ ላቡን እየጠረገ፣ "አሁንስ ለማን አቤት ይባላል፣ ወንድሜ?" አለኝ። በጥናት በተረጋገጠ ነገር ላይ አቤት ማለት ነውር መሆኑን አስረዳሁት።