ሁለቴ የተደመሩት ስምንት ዓመታት

የኔ ነገር የተበላሸው ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ናይሮቢ፣ የስደተኞች ፎርም በሚሞላበት ክፍል ውስጥ። በእኛ ጊዜ ፎርም የሚሞላልን አስተርጓሚ ነበር። ሰው ሁሉ የልደት ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይነግረዋል፣ እሱ ስምንት ይደምርና በፈረንጅ ይጽፈዋል። ታዲያ እኔ የተማርኩ ነኝ አይደል? ራሴ አስልቼ፣ ራሴ ስምንት ደምሬ፣ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ እንደለመደው ሌላ ስምንት ደመረበት።

“ኧረ ወንድሜ፣ ደግመህ ደመርክ እኮ!” አልኩት።

“ጋሼ፣ ፎርሙ ከተመለሰ ወረፋዎን ያጣሉ። ደግሞ ልጅ ባደረግኩዎት ምን ከፋዎት?”

ወረፋው አስፈራኝ እና ዝም አልኩ። ዝም አልኩ! ሲያትል ስገባ ጓደኞቼ “ና አንተ ጎረምሳ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ታዲያ በጂኦሎጂ የተመረቅኩት ሰውዬ ሶዶ የሚሉት የሲያትል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ካርቶን ተሸከምኩ። ድንጋይ የማውቅ ሰው፣ ካርቶን! እሺ፣ ይሁን። አምና መጋዘኑ ተዘጋ እና የሥራ አጥ ድጎማ ገባሁ፣ እሱም ስድስት ወር ነው፣ አለቀ። ሥራ ፈለግሁ። ቀጣሪ ፊቴን ያይና “አርጅቷል” ይላል፤ የጡረታ ቢሮ ወረቀቴን ያይና “ገና ነው” ይላል። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ መሐል ሰው ምን ይበላል? ባለቤቴ አልማዝ ያበጠ ጉልበቷን ይዛ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ ሁለት ሺፍት ትሠራለች፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ።

ጡረታ ቢሮ መስኮቱ ላይ የእኛው ልጅ አለች። “ጋሼ፣ ሲስተሙ ሃምሳ ሰባት ነው የሚለው። ትንሹ ጡረታ ራሱ ስልሳ ሁለት ላይ ነው።”

“ልጄ፣ እኔ እኮ ስልሳ አምስት ሞልቶኛል!”

“አምናለሁ ጋሼ፣ ግን ፕሩፍ፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። የልደት ወረቀት የለዎትም?”

“እናቴ ‘ጎርፉ ድልድዩን በወሰደ ዓመት’ ነበር የምትለው። ድልድዩን አምጥቼ ላሳይሽ?”

ሳቀች፣ ግን አልጻፈችም። ስካይዌይ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ስነጫነጭ አልማዝ ወደ ግድግዳው አየችና፣ “ይሄ ዘላለም ‘ዲግሪዬን ረገጡት’ የምትልበት ወረቀት ላይ ዓመት የለበትም እንዴ?” አለችኝ።

አለበት! በሁለቱም አቆጣጠር! ማንም ስምንት የሚደምርበት ቦታ የለውም!

ነቀልኩት እና ከነፍሬሙ አቅፌ ባስ ላይ ወጣሁ። ጡረታ ቢሮ ያችው ልጅ በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ አፏን ያዘች።

“ጋሼ! በሲስተሙ ከሄድን ዩኒቨርሲቲ የገቡት በአስር ዓመትዎ ነው!”

“በአስራ አራቴ ተመረቅኩ! ጎበዝ ነበርኩ!”

አለቃዋን ጠራች፣ እሱም ሳቀ፣ ኮፒ አደረጉት፣ ፋይሌም እንደገና ተከፈተ። “ተስፋ አለው ጋሼ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ካከሉበት ደግሞ የበለጠ” አለችኝ። መዝገቡም ካገር ቤት መጣ፣ አስገባሁ። አያችሁ፣ ያ ዲግሪ እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ያዘ!

መልሱ? “እየታየ ነው” የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ይታይ፣ እኔ አልከፋኝም፣ ከዚህ በፊት ያየውም ሰው አልነበረም። ግን አንድ ጥያቄ ጽፌ፣ ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ፦ የአስር ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ወይስ አይገባም? አይገባም ካሉ ስምንት ዓመቴን ይመልሱልኝ፣ አልማዝም ጉልበቷን ታሳርፍ። ናይሮቢ ላይ ዝም ብያለሁ፤ አሁን አልልም። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ከነስሙ፣ ይመልስልኝ!