የታምራት እጅ

አትስቁብኝ እንጂ፣ በአርባ ዓመቴ ወደ ሮቦት የሚለወጥ የመኪና አሻንጉሊት ካየሁ ማለፍ አልችልም። ልጅ የለኝም። ግን ለራሴ ነው ማለት ስለማፍር፣ እዚህ አዳማ ገበያው አጠገብ ሱቅ ላላቸው እትዬ ማርታ ሁሌም "ለልጄ ነው" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "ጌታ ያሳድግልህ" ብለው በፌስታል ይሰጡኛል።

ያለፈው ሳምንቱ ግን ጉድ ነው። ካርቶኑ ላይ ጀግና ይመስላል፤ ሳወጣው አንድ ዓይኑን ግንባሩ ላይ ቀብተውታል። ገልባጭ መኪናውን ሰው ላደርገው ብሞክር፣ ክንዱ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። በንዴት ይዤው ሄድኩ።

"እትዬ፣ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ! ገና ሲነካ ነው የተገነጠለው!"

"ማን ነካው? አንተ ነህ ወይስ ልጁ?"

"እ... ልጁ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በሀዘን አዩኝ። "ወንድሜ፣ ባለፈው እግር ገነጠለ። ከዚያ በፊት አንገት ቆረጠ። ይሄ የዕቃው ችግር አይደለም፣ ልጁ ላይ ያለ ነገር ነው። ስሙ ማነው?"

ደንግጬ የራሴን ስም ነገርኳቸው። "ታምራት።"

ልቀይርልህ ይላሉ ስል፣ እጄን በባንኮኒው ላይ ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጌታ ሆይ፣ የታምራትን እጅ ዳስስ! የሚሰባብረውን መንፈስ ገስጽ!" ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶችም "አሜን! አሜን!" እያሉ አጀቧቸው። እኔም የሮቦቱን ክንድ እንደጨበጥኩ "አሜን" አልኩ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ከውስጥ ተጣሩ። "ታምራት እንዴት ሆነልህ?"

"ተመስገን፣ በጣም ተሽሎታል" አልኩና ገባሁ። "እስቲ ያንን አውሮፕላን የሚሆነውን ያሳዩኝ።"