በሥራ ሰዓት የማትጠራ ምራት

ማስቱራ ዳቦዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በራፏ ላይ ከረባት ያሰረ ሰው ቆሞ አገኘችና ክው አለች። ደግ ወሬ ከረባት አስሮ ይመጣል ብላ አታምንም።

«ጃሱር ወደቀ?» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስ። ልጇ ጃሱር ሞስኮ ፎቅ የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ እሷ ሳማርቃንድ ቁጭ ብላ በሐሳቧ በየቀኑ ከዚያ ፎቅ ትጥለዋለች።

«ኧረ ማንም አልወደቀም፣ እናቴ! ባሆዲር እባላለሁ፤ ምራትዎ ሙአታር የምትሠራበት የኢንሹራንስ ድርጅት ኃላፊ ነኝ። ለሌላ ጉዳይ ከታሽከንት መጥቼ፣ በዚያው ላነጋግራት ብዬ ነው።»

«ሊያባርሯት ነዋ!»

«መጀመሪያ እሷን ላነጋግር» አለ ሰውየው፣ ሳያስተባብል። ሙአታር ከቤት ሆና መሥራት ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። ደመወዟ ከቀጠለ ጃሱር በመከር ጠቅልሎ ሊመጣ ቃል ገብቷል፤ ሥራው ከቀረ ግን ሌላ ክረምት እዚያው ፎቅ ላይ ነው።

እንግዳውን ከወይኑ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሻይ ስትቀዳለት፣ በጭንቀቷ ፍንጃሉን እስከ አፉ ሞላችው፤ በአገሩ ልማድ ደግሞ ሞልቶ መቅዳት እንግዳን ማሰናበት ነው።

«ሞልተው ቀዱልኝ! ገና ሳልጠጣ ሂድልኝ ማለትዎ ነው?» አለ ባሆዲር እየሳቀ።

«እጄ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ሙአታር! ነይ እንጂ፣ እንግዳ መጥቷል!»

ሙአታር ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየሮጠች ወጣች። ኃላፊዋን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ይኸው፣ አሁንም ሥራውን ጥለሽ ወጣሽ» አለ ባሆዲር፣ ከቦርሳው ወረቀት እያወጣ። «መዝገቡ እንደሚለው ትናንት ሰባት ጊዜ ከኮምፒውተሩ ተነስተሻል። ደንበኛ ስልክ ላይ እየጠበቀ! ከመጪው ወር ጀምሮ ሁሉም ሰው ታሽከንት ቢሮ ይግባ ብዬ ልወስን ነው። ለመሆኑ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ቤት ነበርኩ» አለች ሙአታር። በዚያ ሰፈር ምራት አማቷን አትከስም። ማስቱራ ግን ትናንት ምራቷን የጠራችበትን ሁሉ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ለጎረቤት ሻይ፣ ለወተት ሻጯ በር መክፈት፣ ለአክስቷ እንግዶች እጅ መንሳት...

«ሰባቱንም ጊዜ የጠራኋት እኔ ነኝ» አለች። «እቤት ካለች ሥራ ላይ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካ ልጄን ከአገሩ የማስቀረው እኔው ነኝ!»

ይህ የማስቱራ ብቻ ስህተት አልነበረም። እቤት የዋለ ሰው ለጠራው ሁሉ አቤት ማለት አለበት የሚለው ልማድ፣ የብዙ ምራቶችን ሙያ ከሻይ ማንቆርቆሪያ ሥር ቀብሮታል።

«እንግዲያው ቤት ለሥራ አይሆንም ማለት ነው» አለ ባሆዲር።

ያኔ ሙአታር ቀና አለች። «አቶ ባሆዲር፣ ሳልጨርሰው ያደረ የካሳ ማመልከቻ አለ?»

«እሱ እንኳ የለም።»

«ታዲያ የሚቆጥሩት ሥራዬን ነው ወይስ መቀመጤን? የእኔ ችግር ሌላ ነው። ግራ ሲገባኝ የምጠይቀው ባልደረባ አጠገቤ የለም። ሥራው ደግሞ ማብቂያ የለውም፤ እራት ላይ ሆኜ እንኳ መልእክት ይልኩልኛል።»

«እራት ላይ?» ማስቱራ ብድግ አለች። «ቀን እኔ፣ ማታ እርስዎ! ለካ ይቺ ልጅ ሁለት አማት ነው ያላት!»

ባሆዲር ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «አማት ስባል የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን እውነትዎን ነው። ጥፋቱ የቤቱ አይደለም፤ ድንበር ያላበጀነው እኛ ነን።»

ታሽከንት ቢሮ መግባቱ ቀርቶ እዚያው ተስማሙ። ማስቱራ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ከሰባት እስከ አሥር ምራቷን ላትጠራ፤ ባሆዲርም ከአሥራ አንድ በኋላ መልእክት ላይልክባት። ሥራው በሳምንት በተጠናቀቀው ማመልከቻ ይለካል። በየማለዳው ሠራተኞች ሁሉ ለሩብ ሰዓት በስልክ እየተነጋገሩ ይጠያየቃሉ፤ በወር አንድ ቀን ታሽከንት ይገናኛሉ። የሥራ ወንበሯንና የኢንተርኔቱን ወጪ ድርጅቱ ቻለ።

ማስቱራ ያም ሆኖ አላመነችም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የማባረሪያው ወሬ መጣ ትል ነበር። አልመጣም። ደንበኞች ካሳቸውን ቶሎ ማግኘት ጀመሩ፤ ድርጅቱም ሠራተኛ ሥራ እየለቀቀበት መቸገሩ ቀረለትና ከሩቅ ወረዳዎች ሳይቀር ጎበዝ ሴቶች ቀጠረ። ሙአታር እራቷን በሰላም በላች። ጃሱርም በመከር ሻንጣውን ይዞ መጣ።

አንድ ቀን ሆልኒሳ የምትባል ጎረቤቷ መጥታ፣ «የእኔንም ምራት እዚያ ድርጅት አስገቢልኝ» አለቻት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች ማስቱራ። «ብቻ እንግዳ ሲመጣ ማን ያስተናግዳል?»

«እሷው ናታ፣ እቤት አይደለች?»

«እንግዲያው ቀድመሽ አንቺ ሻይ ማፍላት ልመጂ» አለቻት ማስቱራ፣ ለእንግዳዋ ሻይ ልትቀዳ ራሷ እየተነሳች።