በሁለተኛው ኳስ ስለተሰበረው መስታወት

የምስክር ስም፦ ጀማል ኢርፋን
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ ጎሚስታ፣ አየር ጤና
አድራሻ፦ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያለው ዝምድና፦ አባት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት

ዛሬ ጠዋት ስለተሰበረው የመኪና መስታወት የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ከተነገረኝ በኋላ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ጎማ መጠገን ከመጀመሬ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የጎልፍ ክለብ ዱላ ተሸካሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ዝግ ስለሆነ ለእኛ ለሠራተኞች ይፈቀድ ነበር፤ መምታት የተማርኩት በዚያ ነው። ልጄን ሀይፋ ጀማልን፣ ዕድሜዋ 21፣ ያስተማርኳት ግን በጎሚስታ ቤቴ ጓሮ ነው። የአይሱዙ ጎማ በገመድ አንጠልጥዬ፣ ኳሱን በመሐሉ እንድታሳልፍ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ አለማምጃታለሁ። ዱላው መዳፏን እንዴት እንዳሻከረው መርማሪዋ ማየት ይችላሉ።

በዚህ ወር አንድ የስፖርት ማሠልጠኛ ሀይፋን በጎልፍ እንደሚቀበላት አሳወቀን። የቀረው አንድ ወረቀት ነው፤ የአካባቢ አሠልጣኝ ስፖርተኛ መሆኗን አረጋግጦ የሚፈርምበት የብቃት ቅጽ። እስከ ሰኞ ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የሚፈርሙት የሰፈራችን የሩጫ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ወንድሙ አየለ ናቸው። የመኪናው ባለቤትና የዛሬው ከሳሽም እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ እኔና ልጄ ሰፈራችን ወዳለው ኳስ ሜዳ ሄድን። አቶ ወንድሙ ከስምንት ሯጮች ጋር ሦስት ሺህ ሜትር አስሮጧት። መጨረሻ ወጣች፤ ይህን አልክድም። ከዚያ «ጋሽ ጀማል፣ የቆመ ኳስ መምታት ስፖርት ከሆነ ምስማር የሚመታ አናጺም ስፖርተኛ ነዋ!» አሉኝ። ሯጮቹ ሳቁ። ይህ አነጋገር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ጎልፍ የሽማግሌ ሽርሽር ነው ሲባል እየሰማሁ አርጅቻለሁ፤ ሰልችቶኛልም። ዋናተኛን በሩጫ የሚፈትን ሰው አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቅጹ ላይ «የስፖርት ብቃት የላትም» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው ሰጡኝ። እዚህ ላይ መርማሪዋ ወደ ጉዳዩ እንድመለስ አሳስበውኛል። ጉዳዩ ይኸው ነው ብያለሁ።

ሀይፋ ዱላዋን ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣች። ከጎሉ መስመር ላይ ቆማ አሥር ኳስ መታች፤ ስምንቱ የሜዳው መሐል ክብ ውስጥ አረፉ። አቶ ወንድሙ «ዕድል ነው» አሉ። ስምንት ጊዜ የሚመላለስ ዕድል እኔ አላውቅም፤ ቢኖር ኖሮ ጎማ ስነፋ ባልኖርኩ ነበር። ከዚያም ስልሳ ሜትር ያህል ርቃ የቆመችውን ቪትዝ መኪናቸውን በጣታቸው እያሳዩ «ችሎታ ከሆነ ያንን የኋላ መስታወት ምቺው። ከመታሽው በገዛ እጄ እፈርምልሻለሁ» አሏት። ልጄ «የእውነትዎን ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። «ምቺው አልኩሽ እኮ!» አሉ። ተዪ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላልኩም፤ ተናድጄ ነበር።

የመጀመሪያው ኳስ በመኪናው ጣሪያ ላይ አልፎ ሄደ። አቶ ወንድሙ አጨበጨቡ። ሀይፋ ዱላውን ከቀድሞው ዝቅ አድርጋ ያዘችና ደግማ መታች። መስታወቱ ረገፈ። ሰዓቱ 3፡40 ገደማ ነበር። አቶ ወንድሙ ይፈርማሉ ብዬ ስጠብቅ ስልክ አውጥተው ፖሊስ ጠሩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሳቸው ግን ጭራሽ አልተናገርኩም አሉ። ስምንቱ ሯጮችም አልሰማንም ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ የእነሱም ቅጽ በእሳቸው እጅ ነው።

በጣቢያው በር ላይ ጎረቤታችን አቶ እዮኤል «አመለጣት በልና ተገላገል፤ መስታወቱን ትከፍላለህ፣ ልጅህን ይዘህ ትገባለህ» ብሎ መከረኝ። እንደዚያው ልል ነበር። ሀይፋ ግን ከተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና «አባዬ፣ አመለጣት እንዳትልብኝ። እንደዛ ካልክ እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ሆን ብላ ነው ወይ ለሚለው የመርማሪዋ ጥያቄ መልሴ አዎ ነው። አላመለጣትም። በመጀመሪያው ኳስ የሳተችውን በሁለተኛው አርማ፣ አነጣጥራ መታችው። የመታችው ግን ባለቤቱ ምቺ ስላሏት ነው።

የአቶ ወንድሙ አቤቱታም ተነቦልኛል። «ተጠርጣሪዋ ከስልሳ ሜትር ርቀት በከፍተኛ ችሎታ አነጣጥራ መስታወቱን መትታለች» ይላል። ጠዋት በፈረሙት ቅጽ ብቃት የላትም፤ ከቀትር በኋላ በፈረሙት አቤቱታ ከፍተኛ ችሎታ አላት። የቅጹን ኮፒ ከዚህ ቃል ጋር አያይዣለሁ። የአቤቱታው ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ለማሠልጠኛው የማስገባው እሱን ነው።

ከላይ የተጻፈው የእኔ ቃል ነው፤ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። አቤቱታው ላይ «በከፍተኛ ችሎታ» የሚለው እንዲደገምልኝ ጠይቄ ተደግሞልኛል። ሁሉም እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጀማል ኢርፋን ___________
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ሳጅን የኔነሽ ዋቅጅራ ___________